የሮዛ ሰባት ቤት

አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ ሹኩሪያ እህቴ! ኧረ ቁጭ በይ፣ ለእኔ ለጡረተኛው ለገለታ ደግሞ ምን ያስነሳሻል? ልጆቹ ደህና ናቸው? ኢልሀም ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ጎሽ፣ ጎሽ... የእህል መጋዘኑን ዛሬ ለሙስጠፋ ጥለሽለት ነው የመጣሽው? ይባርከው፣ ልጅ እንዲህ ነው። ይኼ ዝናብ እኮ ዘንድሮ ለየለት። ሌሊቱን በጎጆ ከተማ በኩል ሲያጉረመርም ያድርና ጠዋት እኛ ላይ መጥቶ ይደፋል። ብርዱ የጎጆ፣ ጭቃው የአምቦ! ይኼን የክሊኒክ ግቢ እዪው እስቲ... ጤነኛ በሬ ገብቶ እግሩን ሰብሮ ይወጣና፣ መልሶ ለመታከም ይገባል።

ካርቶኑ ውስጥ የሚንጫጩት ዶሮዎችሽ ናቸው? ለክትባት? ደግ አደረግሽ። እኔም ቡላን ይዤ መጣሁ። ያውልሽ፣ አጥሩ ሥር ያሰርኩት፣ ጆሮው አንዱ ቆሞ አንዱ የተኛው። ዶክተር ናኦሚ ለእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ ይከተብ ስላለች ነው እንጂ፣ ለሰው የሚታይ ውሻ ሆኖ አይደለም። ዘር የሚባል ነገር የለውም። እናቱ የሥጋ ቤቶቹ ሰፈር ውሻ ናት፤ አባቱ መንገደኛ ነው። ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ይኸው ልጁ ባጃጅ ባየ ቁጥር ያብዳል፤ ዛሬ እንኳ ከቤት እስከዚህ እሱ ነው እኔን እየጎተተ ያመጣኝ። ዘር የሌለው ነገር ምን ታደርጊዋለሽ? ጨዋነት የለው፣ ዝም ብሎ ይሮጣል።

ዘር ያለውማ... ቀስ ብለሽ ወደ ግራሩ ዙሪ። ቀስ! አታፍጪ። ሰውየውን አይደለም የምልሽ፣ እግራቸው ሥር የተጋደመችውን ነው። አየሻት? ሮዛ ናት። ጀርመን ሸፐርድ። እንደ ንግሥት ተጋድማ... ዝንብ እንኳ ሲያርፍባት አትነሳም። ጌታዋ ስልካቸውን እያዩ ነው፤ ተያቸው፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። የማወራሽም ስለ እሳቸው አይደለም። እኔን ታውቂኝ የለ? ሰው በሌለበት እንጂ ሰው ባለበት ሰው አላማም።

የማወራሽ ስለ ሌላ ሰው ነው። ጎጆ ያሉ ሰው ናቸው፤ ሩቅ ነው፣ አይሰሙንም። እሳቸውም ውሻ ያራባሉ። እሳቸውም ያው የጀርመን ነው። የእሳቸዋም ስሟ ሮዛ ነው። ምን ይገርምሻል? ለጀርመን ውሻ በዚህ አገር የተፈቀደው ስም ሁለት ነው፤ ሴት ከሆነች ሮዛ፣ ወንድ ከሆነ ካይዘር። ሌላ ስም ብታወጪለት ዘሩ የተበላሸ ይመስላቸዋል።

እኔ እንግዲህ ስለ ውሻ ምን አውቃለሁ? ዕድሜዬን ማዘጋጃ ቤት ማህተም ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ። የዚያችን የጎጆዋን ሮዛ መጀመሪያ ያየኋት ዕለት የሆንኩትን ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ። ጀርባዋ ከትከሻዋ ይጀምርና ቁልቁል ወደ ጭራዋ ይወርዳል፣ ዝናብ እንዲያወርድ እንደተሠራ የቆርቆሮ ጣሪያ። እኔ ሞኙ ልትቀመጥ መስሎኝ፣ በርጩማዬን ስቤ ቦታ ለቀቅሁላት! ጠበቅሁ... አትቀመጥም። 'ኧረ ትቀመጥ፣ በእኔ ሞት' ብላቸው ከት ብለው ሳቁብኝ። 'ቆማ እኮ ነው' አሉኝ። 'ይኼ የዘሩ ውበት ነው፣ ገለታ። የሚያውቅ ሰው ሲያያት ይደነግጣል።' እውነታቸውን ነው። ዶክተር ናኦሚ ያየቻት ዕለት ደነገጠች።

እና እንዲህ ያለውን ውበት ለብቻቸው ይዘው አልቀሩም፤ ለአገር አካፈሉ። ሮዛ አርፋ አታውቅም። የአንዱን ወሊድ ቡችሎች ጡት ሳታስጥል... ምን ጡት ማስጣል አለ፣ ዓይናቸው ሲገለጥ ነው በቴሌግራም ተሽጠው የሚሸኙት... ሌላውን አርግዛ ትገኛለች። ሰው 'ይቺ ውሻ አትደክምም እንዴ?' ሲላቸው ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ? 'ደከመኝ ብላኝ አታውቅም።' እንዴት ያለ መግባባት ነው! ሚስቴ ይኼን ሰምታ ቀናች። እኔ እኮ እሷ ደከመኝ ስትል እንኳ አልሰማትም።

ሳቂ፣ ሳቂ። ግን ድምፅሽን ቀነስ አድርጊው፣ ያ ግራር ሥር ያሉት ሰው ቀና አሉ። ምናልባት ስለ እሳቸው የምናወራ ይመስላቸው ይሆናል። እንዴት ያለ ነገር ነው! በምድር ላይ ሌላ ውሻ አርቢ የለም?

አንቺ እንግዲህ ከስልጤ መጥተሽ አምቦ የከተምሽ ሰው ነሽና የእናንተን ደንብ አላውቅም። እዚህ እኛ ዘንድ፣ ኦሮሞውም አማራውም፣ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይዳርም። በሁለቱም ወገን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ይወጣል ይወጣል... ከሰባት በታች አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ነገሩ አበቃ። በዚህ በቆጠራ ደግሞ እንደ እኚህ ሰው ያለ ሊቅ በመላው ምዕራብ ሸዋ የለም። የራስሽን አባት ስም ጠፍቶሽ ብትጠይቂያቸው ያስታውሱሻል። ከሙታን ጋር የሚነጋገሩ ነው የሚመስሉት፤ ሁሉንም አያቶች በአካል የሚያውቋቸው ነው የሚመስልሽ።

የእኔን ልጅ የኦሊቃን ነገር ሰምተሽ የለ? ከሴና ጋር ተፋቅረው፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ሰንጋው ጓሮ ታስሮ... ድንኳኑ ሊተከል እንጨት ሲቆም እሳቸው ከች አሉ። ከጎጆ ድረስ በእግራቸው። ሁለት ደቂቃ ፈጀባቸው። ምን ታዪኛለሽ? ፈጣን ሰው ናቸው።

ቁጭ አሉ። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። 'በሉ ቁጠሩ' አሉ። የእኛ ወገን ቆጠረ፤ የእነ ሴና ወገን ቆጠረ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ሁለቱም አፍ አንድ ስም ጠራ። አንድ አያት! ወገኖቿን ተከትላ የመጣችው ሴና ከጓዳ ስትጮህ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው። አንዱ ሽማግሌ 'ስድስት እኮ ሰባት ለመሆን ምን ቀረው?' ሲል እሳቸው እንዴት እንዳዩት! ከዚያ አንድ ቃል ተናገሩ፤ ሹኩሪያ፣ ያን ቃል እስክሞት አልረሳውም። 'ደም ከደም ሲገናኝ ደስታው የወላጅ ነው፣ ሸክሙ ግን የልጅ ነው' አሉ። ተነስተው ሄዱ። ሰርጉም ቀረ።

የዚያን ዕለት ረገምኳቸው፤ አልዋሽሽም። ዛሬ ግን እግዜር ይስጣቸው ነው የምለው። ኦሊቃ ጊንጪ አገባ፤ ሴናም ወግ ደርሷት ወልዳለች። የሁለቱንም ልጆች ብታዪ፣ ሲሮጡ ቡላም አይደርስባቸው። እሳቸው ባይኖሩ ምን እንሆን ነበር? ስለዚህ ሰው ክፉ የሚናገር አፍ ይቆለፍ። እኔ በበኩሌ ምኞቴ አንድ ነው፤ እንዲህ ያለ እውቀት ለሰው ብቻ ሆኖ እንዳይቀር...

አይ፣ አልቀረምም ለነገሩ። ለውሾቻቸውም ይቆጥራሉ። ስሚ ብቻ! አንድ ቀን ስልካቸውን አቁመው ለቴሌግራሙ ሲቀርጹ ደረስኩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ያቺኑ የሽማግሌ ድምፃቸውን አውጥተው... 'ሮዛ የካይዘር ልጅ። ካይዘር የሮዛ ልጅ። ሮዛ የካይዘር ልጅ። ካይዘር የሮዛ ልጅ...' እያሉ ይወርዱታል። እኔ በጣቴ አብሬ እቆጥራለሁ። እውነትም ሰባት ቤት ደረሱ! ግን ሰባቱ ቤት ውስጥ የሚኖሩት ሁለት ናቸው።

'ጌታዬ' አልኳቸው በሞኝነቴ፣ 'የሚደጋገመው ስሙ ነው ወይስ ውሻው?'

'አንዳንዴ ስሙ፣ አንዳንዴ ውሻው' አሉኝ።

'ይኼ አሁን ያለው ካይዘር ለሮዛ ምኗ ነው?'

'ልጇ ነዋ።'

'የምትወልደውስ ከማን ነው?'

'ከካይዘር።'

'ከየትኛው?'

'ከዚሁ።'

እኔም ጣቴን አየሁ። ከሰባት ጀምሬ አጠፍኩ፣ አጠፍኩ፣ አጠፍኩ... አንድ ላይ ቆመ። አንደኛ ቤት! ስድስተኛ ቤት ደም ከሆነ አንደኛ ቤት ምን ይባላል ብዬ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት፣ 'ዘር መጠበቅ ይባላል' አሉኝ። ሳልጠይቃቸው! ሊቅ ማለት ይኼ ነው። 'ውጪ ካለ ውሻ ጋር ካገናኘናት እኮ ዘሯ ይደባለቃል' አሉኝ። ለእኛ ለሰዎቹ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻለናል፤ ለሮዛ ግን ከጎረቤት ሁሉ የቅርብ ዘመድ ተመረጠላት። የግቢው በር እንኳ አልተከፈተም፤ ሰባቱም ቤት አንድ ቆርቆሮ ሥር አለቀ።

ይቅርታሽን፣ እንዲህ ያለ ወሬ ለሴት ልጅ አይወራም ነበር። ግን ነገርን ነገር ያነሳዋል ይባል የለ? ነገሩን ነገር ያነሳዋል፤ ያቺን ውሻ ግን ምን ያነሳታል?

ዶክተር ናኦሚ ያን ሰሞን ውሻ አርቢዎቹን ሰብስባ ነበር። ከጎጆም፣ ከደንዲም፣ ከዚሁም መጡ። እኔም ቡላን ይዤ ሄድኩ፤ ሻይ አለ ሲሉኝ። ልጅቷ ቆማ በትሕትና አስረዳች። እናት ከልጇ፣ ወንድም ከእህቱ አይገናኝ። ከመገናኘታቸው በፊት ዳሌያቸው ይታይ፤ የሚያጠራጥር ካለ ቢሾፍቱ ወስዶ ራጅ ማስነሳት ነው። አንዴ የወለደች ውሻ እስክታገግም ትረፍ። ቡችላ ጡት ሳይጥል ከእናቱ አይለይ። የሚገዛውም ሰው እናቲቱን ቆማ ስትሄድ አይቶ ይግዛ... በቃ፣ ይኼው ነው። እኔ ይኼንን ስሰማ 'ኦሮሞው ለከብቱ የሚያውቀውን፣ ገበሬው ለበጉ የሚያውቀውን ነው የምትነግረን' ብዬ ልነሳ ስል፣ እኚህ ሰው ቀደሙኝ።

እንዴት ያለ ንግግር! 'እኛ ዘር የምንጠብቀው ለራሳችን ነው እንዴ? ለአገር ነው! ሰው ሌላ፣ እንስሳ ሌላ። ውሻ ቤት አይቆጥርም!' አሉ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ከሁሉ አስበልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ፤ ቡላም ጮኸ። ከዚያ የጤና ኮሚቴ ይቋቋም ተባለና ሰብሳቢ ማን ይሁን ሲባል እጄን አውጥቼ እሳቸውን የጠቆምኩ እኔው ነኝ። ምክንያቴንም ተናግሬያለሁ፦ 'በውሻ በሽታ እንደ እሳቸው ልምድ ያለው የለም፤ ግቢያቸው ገብታችሁ እዩ።' በሙሉ ድምፅ አለፈ። የመጀመሪያ ውሳኔያቸው ምን ነበር? 'ጉዳዩ ይጠና።' ይኸው እስካሁን እየተጠና ነው። ሮዛ ግን ጥናቱን አልጠበቀችም፤ ሁለቴ ወለደች።

ሐኪሟማ ደጋግማ ነገረቻቸው። እሳቸው ደግሞ ከውጭ አገር የመጣ የዘር ምስክር ወረቀት አላቸው፤ በመስታወት አስገብተው ሳሎን ሰቅለውታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል የሚባለው? በዚህ ነገር ሞኙ እኔ ነኝ። ወረቀቱን እሳቸው ይዘዋል። የቀረውን አንቺ ጨምሪበት።

ግን ፍሬያቸውን ሳላወራሽ ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። ጌዶ ያለውን ፈዬራን ታውቂዋለሽ? የጭነት መኪና ያለው፣ እህል የሚያመጣልሽ? አዎ እሱ። አንዱን ቡችላ እሱ ወሰደ። ካይዘር አለው፤ ሌላ ስም የት ይገኛል? መኪናው ላይ አብሮት እየዞረ ሊጠብቅለት ነበር። ውሻው አደገ፣ አማረ፣ ጆሮው ቀጥ አለ፣ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ያየዋል። መኪና ላይ ውጣ ሲሉት ግን የፊት እግሩን ሰቀለና ዞሮ ፈዬራን አየው። 'ቀሪውን አንተ አምጣው' የሚል ይመስላል። ዘር ከልጓም ይስባል ይላሉ አባቶች፤ የዚህ ዘር ግን የሚስበው የራሱን የኋላ እግር ነው።

አንድ ሌሊት ሌባ ገባ አሉ። ካይዘር አላሳፈረም! ከተኛበት ሆኖ፣ ወገቡን ሳያንቀሳቅስ፣ እንዲያ ባለ ወፍራም ድምፅ ጮኸ። ሌባው መጀመሪያ በርግጎ አጥር ላይ ወጣ። ጠበቀ። ውሻው አይመጣም። ወረደ። ውሻው ይጮሃል እንጂ አይመጣም። መጨረሻ ላይ ሌባው ትርፍ ጎማውን ወስዶ በዋናው በር ወጣ፤ በሩንም ዘግቶላቸው ነው የሄደው። እንዲህ ነው እንግዲህ ክብር ያለው ዘር፤ ለሌባ አይነሳም! ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ ይኼ ደግሞ በተኛበት።

ፈዬራ ታዲያ ምን ያደርገዋል ትያለሽ? ጣለው? አልጣለውም፤ የዋህ ሰው ነው። ጠዋት አቅፎ ፀሐይ ያወጣዋል፤ ከሰዓት ጥላው ሲዞር አቅፎ ያዞረዋል፤ ሲመሽ አቅፎ ያስገባዋል። ያ ትልቅ ሰውዬ ውሻውን እንደ ሕፃን ታቅፎ በጌዶ ገበያ መሀል ሲሄድ ያየሁት ዕለት ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'ሸክሙ ግን የልጅ ነው።' እሳቸው እንኳ ሊቅ ሆነው እዚህ ላይ ተሳስተዋል። የገዢም ነው።

ምነው ፊትሽ ተለዋወጠ?... ኧረ አንቺ ምን አገባሽ፣ የጎጆ ወሬ እኮ ነው። ምን አልሽኝ? አንቺም ለመጋዘንሽ ቡችላ አዝዘሻል? ከ... ከእኚህ ከግራሩ ሥር ካሉት? አይ እንግዲህ! ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ይኼን ሁሉ አወራሽ ነበር? መቼም የእኚህ ሌላ ነው። የእኚህ ሮዛ እኮ ጤነኛ ናት። እስቲ አይተሽ ፍረጂ። አሁን ዝናቡ እያካፋ ሰው ሁሉ ወደ በረንዳው ሲሮጥ እሷ አልሮጠችም፤ ትዕግሥቷ ነው። ጌታዋ 'ነይ፣ ነይ' ሲሏት የፊት እግሯን አንፏቅቃ፣ አንፏቅቃ... ተወችው፤ ጨዋነቷ ነው። ጡቷ መሬት ይነካል፤ እናትነቷ ነው። ጎኗ ይቆጠራል፤ ውፍረት ለጤና አይሆንም። ዓይኗን ደግሞ... አይ፣ ዓይኗን አትዪው። እኔም ቅድም አይቼው ነው ወሬ የጀመርኩት።

ጎጆ ነው ያልኩሽ ሰውየውን? ደንዲ መሰለኝ። ጎጆም ይሁን ደንዲ፣ ብቻ ከዚህ አግዳሚ ውጪ ነው።

እኚያ የደንዲው ሰው ትናንት ምን ሲሉ እንደሰማሁ ልንገርሽና ልጨርስ። መድኃኒት ቤት በር ላይ ከወሰኑ ጋር ቆመው ነው። ወሰኑን ታውቂው የለ፣ ባለ መድኃኒት ቤቱን? 'ሮዛ ዘንድሮ ዘገየችብኝ' ይሉታል። 'ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ አልፎባታል። ሰው ቡችላ አዝዞኝ እየጠበቀ ነው፣ ቃሌን የት ላድርገው? ነገ ክሊኒክ ወስጄ ቶሎ የሚያመጣውን መርፌ ላስወጋት ነው። ካይዘርን አሳጥቤ አዘጋጅቼዋለሁ።' ወሰኑ ደግሞ እንደኔ ሞኝ ነው፤ 'ምናልባት የዘገየችው አቅቷት ይሆን?' አላቸው። እንዴት እንዳዩት! ያቺን የሰርጋችንን አስተያየት። 'እኔ ዘሯን ሰባት ቤት ድረስ የማውቃት ሰውዬ አቅሟን አላውቅም?' አሉት።

እኔ ታዲያ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ሰው የሚጠብቀው አንድ ቡችላ አለ አሉ። ያ የሚጠብቀው ሰው ቢመጣና፣ 'ጌታዬ፣ ለእኔ ብለው ከሆነ ይቅርብኝ፣ ትረፍ፤ እኔ የሚሮጥ ይበቃኛል' ቢላቸው ምን ይሉ ይሆን? ቃላቸውን አጥፈው አይደለ፣ ሰውየው ራሱ ከቃላቸው ፈታቸው። ኩራታቸውም አይነካ፣ ሮዛም አትሞት። በዚህ በኩል ደግሞ ሥጋ ቤቶቹ ሰፈር የቡላ እናት ሰሞኑን ወልዳለች፤ እነዚያ ምን ዓይነት ቡችሎች መሰሉሽ! ዘር የላቸውም እንጂ እግር አላቸው፣ አራት አራት። ግን ያን የሚጠብቀውን ሰው እኔ የት አውቀዋለሁ? ደንዲ ያለ ሰው ይሆናል...

ወዴት ነሽ? ካርቶንሽን ረሳሽ! አይ... ሂጂ ሂጂ፣ ዶሮዎቹን እኔ እይዝልሻለሁ። ሄደሽ ሰላም በያቸው፣ ሰላምታ ደግ ነው።

...

መጣሽ? ነገርሻቸው? ጎሽ፣ የኔ እመቤት። ምን አሉሽ? ምንም? ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ ብቻ? እንዲህ ነው እንግዲህ ትልቅ ሰው፤ የሚናገረውን ያውቃል፣ የማይናገረውንም ያውቃል። እኔ ምንም አላልኩሽም ደግሞ፤ የጎጆ ወሬ ነው ያወራሁሽ። አሽሙር የሚባል ነገር አልወድም። ሰው የሚለውን ፊት ለፊት ነው ማለት ያለበት... ፊት ለፊት ከሌለ በጎን።

ይኸው ዶክተር ናኦሚ በሩ ላይ ወጣች። ማንን ጠራች? 'ሮዛ' ነው ያለችው? ተራቸው ነው ለካ። እስቲ እንይ... ሦስት ደረጃ ነው ያለው። ቡላ በአንድ ዝላይ ነው የሚወጣው፣ ያ ዘረ ቢስ። ተነሱ ጌትየው። ሳብ አደረጓት። ቆመች... አልቆመችም። እንደገና... ተይ ሹኩሪያ፣ አትሂጂ፣ እሳቸው ያውቃሉ፣ ሰባት ቤት ያወቁ ሰው ናቸው። አዎ፣ እንዲያ። ከዘራቸውን መሬት ጣሉት። ጎንበስ አሉ። አቀፏት! አየሻቸው? ልክ እንደ ፈዬራ። ጭራዋን እየቆላች እኮ ነው... ሲያቅፏት ደስ አላት፣ ምስኪን። ኮታቸው በጭቃ ሆነ። እኚህ ሰው ውሻ አይወዱም የሚል ካለ ይምጣና ይይ! እኔ እንደሆንኩ በዓይኔ አየሁ፣ ይወዷታል።

በሩ ላይ ደረሱ። ስሚ፣ ስሚ... ሐኪሟ ጠየቀቻቸው። 'ዛሬ ለምን አመጧት፣ አባባ?' ነው ያለችው። መልሱ እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው፦ 'መርፌ ውጊልኝ' ወይም 'ወገቧን እዪልኝ'። እያሰቡ ነው። ወደዚህ ዞሩ! እኔን ነው የሚያዩት? ልነሳላቸው እንጂ፣ ነውር ነው፣ ትልቅ ሰው ቆሞ። እሳቸው እስኪመልሱ ድረስ ልመርቃቸው። ለጎጆው ሰው የሚሆን ምርቃት የለኝም፣ ሩቅ ነው። ለእርስዎ ግን፣ ለቅርቡ ጎረቤቴ፣ ከልቤ ነው፤

ዕድሜ ይስጥዎ። እርጅናዎን ያሳምርልዎ። ደጅዎ በልጅ ልጅ ይሙላ። የወገብና የጉልበት ነገር መቼም ለማንም አይቀርም፤ ያቺ ቀን መጥታ ደረጃ ሲያቅትዎ፣ 'ደከመኝ' የሚሉበት አንደበት ሲያጡ፣ ዋቀዮ ባዳ እጅ ላይ አይጣልዎ። እርስዎ ሮዛን በሚወዱበት በዚያው ፍቅር የሚወድዎ ሰው ይዘዝልዎ። እንዲህ አቅፎ የሐኪም በር የሚያደርስዎ... ሐኪሟም 'ለምን አመጣሃቸው?' ስትለው፣ እርስዎ አሁን ስለ ሮዛ የሚመልሱትን፣ ቃል ሳይጨምር ቃል ሳይቀንስ፣ ስለ እርስዎ የሚመልስልዎ። ሃ ተኡ፣ አሜን በይ እንጂ፣ ሹኩሪያ!